«ለ20 ሰው ላኩ፣ ላፕቶፕ ይደርሳችኋል»፦ እንዲህ የሚል ኢሜይል ሲመጣ ምን እናድርግ?

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ የሱቄን በር ገና ከፍቼ ሳልጨርስ አንድ አባት ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ደሴ ውስጥ ስንቱን ያስተማሩ፣ በመንገድ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ሰው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖታል። ካፖርታቸው ትከሻው ላይ ረጥቧል። ከውስጥ ኪሳቸው አንድ ደብተር አወጡ።

«ልጄ፣ ከውጭ አገር ዕቃ ሲመጣ ፖስታ ቤት ነው የሚደርሰው ወይስ ቤት ድረስ ያመጡታል?» አሉኝ።

«ምን ዕቃ ነው ጋሼ?»

«ላፕቶፕ።»

እኔ ኮምፒውተር ቤት ነው ያለኝ። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ፎርም መሙላት፣ ኢሜይል መክፈት፣ የጠፋ ፓስወርድ መፈለግ። 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ «ላፕቶፕ» ሲሉኝ ሆዴ ቶሎ ፈራ።

ደብተራቸውን ገለጡ። በዚያ ባማረ የመምህር እጅ ጽሕፈት ከ1 እስከ 20 ቁጥር ተደርድሯል። በየቁጥሩ ፊት የሰው ስም አለ። በየስሙ ጎን ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ ራይት ተደርጓል። ሁሉም የድሮ ተማሪዎቻቸው ናቸው። አንዷ ኮምቦልቻ ነርስ ናት፣ አንዱ አዲስ አበባ መሐንዲስ፣ አንዱ ጅዳ። ለሁሉም ኢሜይሉን ልከዋል። ሁለት ሳምንት ሞልቷል። ላፕቶፑ ዩኒቨርሲቲ ለምትገባው የልጃቸው ልጅ ነበር።

ኢሜይሉን በስልካቸው አሳዩኝ። ኤሪክሰን የተባለው የስዊድን ኩባንያ ምርቱን ለማስተዋወቅ ላፕቶፕ በነጻ እያደለ ነው ይላል። ለ8 ሰው የላከ አንድ ዓይነት ይደርሰዋል፤ ለ20 ሰው የላከ ደግሞ «አር 320» የሚባለውን፣ የተሻለውን። በሁለት ሳምንት ውስጥ።

ከመልዕክቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጬ ጉግል ላይ አስገባሁት። መልሱ ወዲያው መጣ። ይህ መልዕክት ከ20 ዓመት በላይ ሲዞር የኖረ ነው። መጀመሪያ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ያኔ «ላፕቶፕ» ሳይሆን «ሞባይል» ነበር የሚለው። አር 320 ደግሞ እውነተኛ የኤሪክሰን ሞባይል ስም ነው። የሞባይል ዘመን ሲያልፍበት አንድ ሰው «ሞባይል» የሚለውን ቃል ፍቆ «ላፕቶፕ» ብሎ ጻፈበት፤ የሞዴሉን ስም ግን መቀየሩን ረሳ። ኩባንያው ምንም አላደለም። እሱም ስሙ የተነገደበት ነው።

ይህንን ለመምህሩ መንገር ከበደኝ። ላፕቶፑ አለመኖሩን ሲሰሙ ብዙም አልደነገጡም። የደነገጡት ደብተሩን አይተው ነው። «እነዚህ ልጆች እኮ እኔ ስለላክሁት አምነውታል» አሉ።

እኔም ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ያደረገችኝ ይህቺ ንግግር ናት። ሰው ስለ ማጭበርበር ሲያወራ ሁልጊዜ «እንዳትታለሉ» ይላል። እኔ ሱቄ ውስጥ የማየው ግን ሌላ ነው። መልዕክቱ የሚጓዘው በሞኝነት ሳይሆን በደግነት ነው። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባልን ነው ያደግነው። መልካም ነገር ሲገኝ ለጎረቤት መንገር፣ ለዘመድ ማካፈል የለመድነው ነው። አጭበርባሪው ይህንን ያውቃል። የሚፈልገውም የእናንተን ስም ነው። ከማይታወቅ ሰው የመጣ ኢሜይል ሰው አይከፍትም፤ ከመምህሩ፣ ከእህቱ፣ ከጓደኛው የመጣን ግን ይከፍታል።

ማን ይቆጥራል?

«ለዚህን ያህል ሰው ላኩ» የሚል ኢሜይል ሲመጣ መጀመሪያ ራሳችሁን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። መላኬን እንዴት ያውቃሉ?

ኢሜይል እንደ ደብዳቤ ነው። እኔ የጻፍኩላችሁን ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለጎረቤት ብትሰጡ እኔ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ኢሜይልም ፎርዋርድ ስታደርጉት ከእናንተ የኢሜይል አገልግሎት ወደ ወዳጃችሁ የኢሜይል አገልግሎት ነው የሚሄደው። ለመጀመሪያው ላኪ ቅጂ አይደርሰውም። ስንት ሰው ለስንት ሰው እንዳስተላለፈ ቆጥሮ ሽልማት የሚያከፋፍል መሣሪያ የለም። እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ መልዕክት በቢል ጌትስ ስም ዓለምን አዳርሶ ነበር። «ኢሜይል የሚከታተል ፕሮግራም እየሞከርኩ ነው፣ ይህንን ያስተላለፈ 1,000 ዶላር ይሰጠዋል» የሚል። ቆይቶ ደግሞ ተሻሽሎ መጣ። ለላካችሁለት ለእያንዳንዱ ሰው 245 ዶላር ታገኛላችሁ፣ እነሱ ለላኩለት ሰው ደግሞ 243 ዶላር፣ እያለ ይቀጥላል።

እስቲ አብረን እናስላው። እኔ ለ10 ሰው ልላክ። እነሱም እያንዳንዳቸው ለ10 ይላኩ። በሁለተኛው ዙር 100 ሰው ነው። በሦስተኛው 1,000። በስምንተኛው ዙር 100 ሚሊዮን ይሆናል። በዘጠነኛው 1 ቢሊዮን። በሰው 245 ዶላር ማን ይከፍላል? መምህሩ ይህንን ሒሳብ ወረቀት ላይ ራሳቸው ሠሩት። የሒሳብ መምህር ነበሩና ስምንተኛው ዙር ላይ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

አሁን ደግሞ ዘዴው ትንሽ ተቀይሯል። ኢሜይሉ ውስጥ ሊንክ ይኖራል። ስትነኩት አንድ ገጽ ይከፈታል። ሦስት አራት ጥያቄ ይጠይቃችኋል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የት ነው የምትኖሩት። ከዚያ የስጦታ ሣጥን ይመጣና «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል። ለመውሰድ ግን ለ15 ጓደኛ ማጋራት አለባችሁ። ከሥር አረንጓዴ መስመር አለ፤ ባጋራችሁ ቁጥር እየሞላ ይሄዳል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ይዞልኝ ሲመጣ ምንም ቁም ነገር በሌለበት አሮጌ ስልክ ላይ ሞከርኩት። «አጋራ» የሚለውን እነካለሁ፣ ለማንም ሳልልክ እመለሳለሁ። መስመሩ ሞላ! አሥራ አምስት ጊዜ እንዲሁ አደረግሁ፣ ለአንድም ሰው ሳልልክ መቶ በመቶ ገባ። ልጁ ከጎኔ ቆሞ እያየ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ገጹ የሚቆጥረው የእኔን ጣት ብቻ ነው። እናንተ ግን አሮጌ ስልክ ከሌላችሁ አትሞክሩት፤ እንዲህ ያለ ገጽ ጎጂ ፕሮግራም እንድትጭኑም ሊገፋፋችሁ ይችላል።

አድራሻው የማን ልጅ ነው?

ከላይ የሚታየው የላኪው ስም ዋጋ የለውም። ማንም ሰው በፈለገው ስም ኢሜይል ይከፍታል። ጂሜይል ላይ በስልክ ከሆናችሁ፣ ከላኪው ስም ሥር «ለእኔ» ከሚለው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ንኩ። ከስሙ ጀርባ ያለው አድራሻ ይወጣል። «የሽልማት ክፍል» ይልና ሲገለጥ የአንድ ግለሰብ ጂሜይል ሆኖ ታገኙታላችሁ። ትልቅ ድርጅት ሽልማት የሚያስታውቀው ማንም በ5 ደቂቃ በሚከፍተው የግል ጂሜይል አይደለም።

ሊንኩንም እንደዚሁ። በኮምፒውተር ከሆነ የማውሱን ቀስት ሳትጫኑ ሊንኩ ላይ አስቀምጡት፤ ከታች በግራ ጥግ አድራሻው ይታያል። በስልክ ከሆነ ነክታችሁ ቶሎ አትልቀቁት፤ ጫን አድርጋችሁ ስትይዙት አድራሻውን ያሳያችኋል።

ግን አድራሻውን ማየት ብቻ አይበቃም፣ ማንበብ ማወቅ አለባችሁ። እኔ ለደንበኞቼ የማስረዳው በእኛ በራሳችን ስም አወጣጥ ነው። የእኛ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፣ ከዚያ የአባት፣ ከዚያ የአያት። ማንም ሰው ልጁን ደስ ያለውን ስም ማውጣት ይችላል። «ንጉሥ» ቢለውም የሚከለክለው የለም። ልጁ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ግን በአባቱና በአያቱ ነው። የድረ ገጽ አድራሻም ልክ እንደዚህ ነው። አንድ አድራሻ «ቴሌብር ነጥብ ስጦታ-አሁን ነጥብ ቶፕ» ቢል፣ ቴሌብር የሚለው ልጁ የወጣለት ስም ብቻ ነው። አባቱ «ስጦታ-አሁን» ነው፣ አያቱ «ቶፕ»። ከቴሌ ጋር ዝምድና የለውም። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ያዘመሙ መስመሮች (//) በኋላ ያለውን ስም ያዙ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያው ያዘመመ መስመር (/) ጋ ቁሙ፣ ከዚያ ወደ ግራ ተመለሱ። እዚያ ጋ ያሉት የመጨረሻ ሁለት ቃላት ናቸው ባለቤቱ። የአገራችን አድራሻ «ኮም ነጥብ ኢቲ» እያለ ካለቀ ደግሞ ሦስት ቃል ቁጠሩ። ከዚያ ካዘመመው መስመር በኋላ የሚመጣውን ምንም ቢል አትመኑት።

ድሮ «እንግሊዝኛው የተበላሸ ከሆነ ውሸት ነው» እንል ነበር። አሁን በዚህ አትተማመኑ። ዛሬ ማሽን አሳምሮ ይተረጉማል። አማርኛውም እየጠራ መጥቷል። ይልቅ የሚለየው ማስቸኮሉ ነው። «በ24 ሰዓት ውስጥ»፣ «የቀሩት 7 ስልኮች ብቻ ናቸው»፣ «አሁኑኑ ካልወሰዱ ለሌላ ይሰጣል»። በውሸት መልዕክት ውስጥ ብዙ ጊዜ ሰዓት አለ። ምክንያቱም ሰው አንድ ሌሊት ካሳለፈና ጠዋት ከቡና ጋር ለጎረቤቱ ካወራው በኋላ ነገሩ ይገለጥለታል። ስለዚህ ሰዓት የሚቆጥር ስጦታ ሲመጣ ስልኩን አስቀምጡና ቡናችሁን ጠጡ። አቦሉ ሳያልቅ ግማሹ ጥርጣሬ ይመጣል፣ በረካ ላይ ሙሉው።

ሌላው የማያሳስት ምልክት፣ ያልሞከራችሁትን ዕጣ ማሸነፋችሁ ነው። ቲኬት ያልቆረጠ ሰው ሎተሪ አይወጣለትም። ዲቪ የሞሉ ልጆችም በየጊዜው «ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል ይዘው ይመጣሉ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲቪ የደረሰውን ሰው በኢሜይል ወይም በደብዳቤ «ተመርጠሃል» ብሎ አያስታውቅም። አመልካቹ ራሱ ሲሞላ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ገብቶ ነው የሚያየው። የድረ ገጹ አባትና አያት ደግሞ «ስቴት ነጥብ ገቭ» ናቸው። በ«ገቭ» የሚያልቅ አድራሻ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብቻ ናቸው የሚይዙት።

ገንዘብ ሲመጣበት

ለ20 ሰው ላኩ የሚለው መልዕክት ቢያንስ ኪስ አይነካም። የሚብሰው ሁለተኛው ነው፣ «የመላኪያ ብቻ ክፈሉ» የሚለው።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች። አክስቷ እኛ ሰፈር ናት፣ እሑድ እሑድ ወደ ደሴ ትወጣለች። ስልክ ደርሶሻል የሚል ኢሜይል መጣላት። አመነች። ስሟን፣ ስልኳን፣ አድራሻዋን ሞላች። ከዚያ አንድ ሰው ደወለላት። በጣም ትሑት፣ «እህቴ» የሚል። ለመላኪያ 850 ብር አለ። ላከች። በሦስተኛው ቀን ዕቃው ጉምሩክ ተይዟል፣ 2,400 ብር አለ። ተበድራ ላከች። በሳምንቱ ደግሞ «የኢንሹራንስ» 4,000 ብር ሲላት ነው ወደ እኔ የመጣችው። የመጣችው ግን ልትጠይቀኝ አይደለም፤ የመታወቂያሽን ፎቶ ኮፒ ላኪ ስላላት ልታስነሳ ነው።

እሷን ምን እንደያዛት ልንገራችሁ። የከፈለችው 3,250 ብር ነው የያዛት። «አሁን ብተወው ያ ሁሉ ገንዘብ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው» ትለኛለች። አጭበርባሪው መጀመሪያ ትንሽ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ትንሿ ገንዘብ ገመድ ናት። ገመዱን ቆርጦ መውጣት ያማል፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሚላክ እያንዳንዱ ብር ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ዘዴው ደግሞ አዲስ አይደለም። ከኢንተርኔት በፊት በፖስታ ይሠራበት ነበር። ዛሬ ዓለም «አራት አንድ ዘጠኝ» ብሎ የሚጠራው፣ በናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 419 ስም ነው። ዋናው ቅርጹ አንድ ነው። ትልቅ ነገር ይመጣልሃል፣ በቅድሚያ ትንሽ ክፈል።

በእውነተኛ ሽልማት ግብር ካለ ከሽልማቱ ላይ ይቀነሳል። ለማንም ግለሰብ ሒሳብ «ቀረጥ» አይገባም። ጉምሩክም በአንድ ሰው ቴሌብር አይቀበልም።

ስለ ኮድ አንድ ነገር ልጨምር። ስልካችሁ ላይ በአጭር መልዕክት የሚመጣ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው። ሸላሚ ነኝ ባይ፣ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ባይ፣ ማንም ቢሆን ያንን ቁጥር ከጠየቀ ነገሩ እዚያው ላይ አልቋል። የቴሌብርና የባንክ የሚስጥር ቁጥርም እንደዚሁ። ለእኔም ቢሆን አትንገሩኝ። ሱቅ ውስጥ ሰዎች አምነውኝ ጮክ ብለው ሲናገሩት አፋቸውን ልይዝ ነው የሚቃጣኝ።

ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሱቄን እንደገና ስከፍት ብዙ ሰው በእርዳታ ስም የመጣ ሊንክ ይዞ ይመጣ ነበር። ፎርም ሙሉ፣ 10,000 ብር ይገባላችኋል የሚል። ቤቱ የተዘረፈ ሰው፣ ልጆቹን ይዞ የተሰደደ ሰው። እነሱን «ውሸት ነው» ማለት ላፕቶፕ ከጠበቁት መምህር ይልቅ ከብዶኝ ነበር። የተቸገረ ሰው ተስፋ ሲያደርግ ሞኝ አይባልም። እርዳታ ሲኖር ብዙውን ጊዜ በቀበሌ በኩል፣ ስም ተመዝግቦ፣ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው። ቀበሌ ሄዶ መጠየቅ ቢያደክምም ከሊንኩ ይሻላል።

መልዕክቱ ሲደርሳችሁ

ካልከፈታችሁት አትክፈቱት። ከከፈታችሁት መልስ አትስጡ፤ «ከዝርዝራችሁ አውጡኝ» ብላችሁ እንኳ አትጻፉ። መልስ መስጠት አድራሻው ሰው ያለበት መሆኑን ማረጋገጥ ነው። አንዳንድ ኢሜይል ውስጥ ደግሞ በዓይን የማትታይ ትንሽ ምስል ትኖራለች፤ ስትከፍቱት መከፈቱን ለላኪው ትነግራለች። ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ አይፈለጌ መልዕክት ብላችሁ ሪፖርት አድርጉት። ይህ ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው ሲጠቁም ጂሜይል ያንን ላኪ ለይቶ ወደ ቆሻሻው ማስገባት ይጀምራል።

ሊንኩን ነክታችሁ ፓስወርድ ካስገባችሁ አትደናገጡ፣ ግን አትዘግዩ። በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብታችሁ ፓስወርዱን ቀይሩ። ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ «ደህንነት» የሚለው ጋ ገብታችሁ አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች እዩ፤ የማታውቁት ካለ አስወጡት። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩ። ኢሜይላችሁ በድብቅ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲተላለፍ ተደርጎ እንደሆነም ቅንብሩ ውስጥ ተመልከቱ፤ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ያንኑ ፓስወርድ ለፌስቡክም ለሌላም ተጠቅማችሁበት ከሆነ እዚያም ቀይሩ። ኮምፒውተር ቤት ሄዳችሁ ኢሜይል የምትከፍቱ ደግሞ እባካችሁ ሳትዘጉ አትሂዱ። በቀን ሁለት ሦስት ሰው ከፍቶ ትቶልኝ ይሄዳል። እኔ እዘጋዋለሁ፤ ሌላ ቦታ ግን የሚዘጋላችሁ መኖሩን በምን ታውቃላችሁ?

ገንዘብ ከሄደ በዚያው ሰዓት ለባንካችሁ ደውሉ፣ ቅርብ ከሆነ በአካል ሂዱ። የደወሉላችሁን ቁጥር፣ የላካችሁበትን ደረሰኝ፣ ኢሜይሉን ስክሪንሻት አንሱ። አትደምስሱ! የተናደደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መደምሰስ ነው፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ፖሊስ ጋ አመልክቱ። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ በኮምፒውተር አማካኝነት ማታለል በዚህ አዋጅ ወንጀል ነው። ልጅቷን እኔ ራሴ ይዣት ሄድኩ። ብሩ አልተመለሰም። አራቱን ሺህ ግን አልላከችም።

የላከላችሁ የምትወዱት ሰው ከሆነ

ይህ ነው ሰው የሚቸገርበት። አክስት ልካለች፤ ምን ይባላል? አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። ወይም ደግሞ የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ፣ ሁሉ እያየ፣ «ይሄ ውሸት ነው» ብሎ ይለጥፋል። ሁለቱም ጥሩ አይደሉም። ዝም ካልን ነገ ገንዘብ የሚጠይቀው ሲመጣም ታምናለች። በሰው ፊት ካሳፈርናት ደግሞ ቀጥሎ ሲደርስባት ለማንም አትናገርም፣ ትደብቃለች። የኮምቦልቻዋ ልጅ ለአክስቷ ያልነገረችው ለዚህ ነበር።

ለብቻ ንገሩ። ከእናንተ ከፍ ላለ ሰው ከሆነ አትጻፉ፣ ደውሉ። መጀመሪያ አመስግኑ። እኔ እንዲህ ነው የምለው፦ «እትዬ፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ያቺን የላኩልኝን አየኋት። እኔም እውነት መስላኝ ነበር፤ ሳጣራ ግን ኩባንያው የላከው አይደለም፣ በስሙ የሚነግዱ ናቸው። እስካሁን ምንም የሞሉት ነገር አለ?» ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ዋናዋ ናት። ስማቸውን ብቻ ነው የሞሉት ወይስ የባንክ ነገርም አለ? እሱን ሳታውቁ ስልኩን አትዝጉ።

ለእኩያ ከሆነ አጭር ጽሑፍ ይበቃል። «ወዳጄ፣ ይሄ የቆየ የውሸት መልዕክት ነው። ለሌላ ሰው ልከህ ከሆነ ትክክል እንዳልሆነ ንገራቸው። ሊንኩን ነክተህ ከሆነ ደውልልኝ።» በቃ።

እናንተ ራሳችሁ ልካችሁ ከሆነ ደግሞ ማረሚያ ላኩ። ኢሜይሉ የሄደው በእናንተ ስም ነውና በእናንተ ስም ነው የሚመለሰው። በእርግጥ ያሳፍራል። ግን ማረሚያ የላከን ሰው የናቀ እስካሁን አላየሁም።

መምህሩ ያን ማክሰኞ ከሱቄ አልወጡም። «እናርመው» አሉ። እኔ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅተን ለሃያውም በአንድ ጊዜ፣ አንዱ የሌላውን አድራሻ ሳያይ እንላክ አልኳቸው። እምቢ አሉ። «ተማሪ በስሙ ነው የሚጠራው» አሉኝ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እሳቸው እያሉ እኔ እየጻፍኩ፣ ሃያ ኢሜይል።

«ውድ ተማሪዬ፣ ባለፈው የላክሁልህ የላፕቶፕ መልዕክት እውነት አይደለም። ሳላጣራ ነው የላክሁት፤ ስህተቱ የእኔ ነው። ለሌላ ሰው ልከህ ከሆነ አንተም እንደዚሁ አርም። ቤተሰብህ እንዴት ነው?» ለእያንዳንዱ መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ይቀይሯታል። አንዱን ስለ እናቱ ሕመም ይጠይቁታል፣ ነርሷን ስለ ሌሊት ተረኝነቷ። መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ መጣ። ከምሳ ሰዓት በኋላ ጨረስን። ከደብተሩ ላይ በሰማያዊው ራይት ጎን በቀይ ሌላ ራይት እያደረጉ ሄዱ። ሦስቱ አድራሻቸው ተቀይሮ ኢሜይሉ ተመለሰ፤ እነሱን በስልክ እፈልጋቸዋለሁ ብለው ቀይ ነጥብ አደረጉባቸው።

ሐሙስ ዕለት ተመልሰው መጡ። መልሶቹን እያነበብኩላቸው ነበር። አንዱ፣ እሱም ዛሬ መምህር የሆነው፣ እንዲህ ብሎ ጽፏል። «የኔታ፣ እኔ ደግሞ ለትምህርት ቤታችን ባልደረቦች በሙሉ ልኬዋለሁ፣ 34 ናቸው። ምን ላድርግ?»

መምህሩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ጻፊለት» አሉኝ። «ደብተር አምጣና ከአንድ ጀምር በይው።»